ወንዝ ዳር የቀረ ለቅሶ

ሲያትል ውስጥ የእኛ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ ክርስትናም ይሁን ልደት፣ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ወሬው ናፍቆት ላይ መውደቁ አይቀርም። አንዱ ያደገበትን ሰፈር ያነሳል፤ ሌላዋ ስለ እናቷ ጓሮ ታወራለች፤ ከሆሳዕና የመጣው ባለሱቅ ስለ አገሩ ቅቤ ጀምሮ አይጨርስም። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም አስቀድመው ፈገግ ይላሉ፤ መልሴን ያውቁታላ። እኔን የምትናፍቀኝ ማንም ሰምቷት የማያውቅ፣ ወንዝ ዳር የተቀመጠች አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ናት። "ንግሥቲቱ ጀመሩ" ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ግን የምሬን ነው። እዚያች ከተማ ውስጥ አንድ ቃል ገብቼ ነበር፤ ሳልፈጽመው ቀረሁ። እንዳልፈጽመው ያደረጉኝ ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።

ወደዚያች ከተማ የሄድኩት በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ቀጥሮኝ። ከተማ ማለት ራሱ ማጋነን ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የድንጋይ ድልድይ፣ ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ዓሣና ድንች ጥብስ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ። በሳምንት አንድ ምሽት ደዋዮቹ ልምምድ ስለሚያደርጉ ደወሉ ያለ በዓልም ያለ ለቅሶም ዝም ብሎ ይደወላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሞተ እየመሰለኝ መስኮት እከፍት ነበር።

ወንዙ አይቸኩልም። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ይሂድ ይቁም ለማወቅ ቅጠል ጥሎ ማየት ያስፈልጋል። ዳር ዳሩን ሰው የሚኖርባቸው ጠባብ ረጃጅም ጀልባዎች ታስረዋል፤ ጣሪያቸው ላይ አበባ ተተክሏል፣ ጭስ ማውጫቸው ይጨሳል። ስዋን የሚሏቸው አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች እንደ ባላባት ተኮፍሰው ይመላለሳሉ፤ ዳቦ ያልሰጣቸውን ሰው ይቆጣሉ። ወንዙ ዳር ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ደግሞ የሞተ ሰው ስም ተጽፎባቸዋል። "ይህን ቦታ ይወድ ነበር" ይላል አንዱ። መቃብር ላይ የምቀመጥ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ምሳዬን ቆሜ በላሁ። ኋላ ለመድኩና የራሴ የምለው አግዳሚ እስከመያዝ ደረስኩ።

የተከራየሁት ክፍል ከድልድዩ ወረድ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። በስሜ ጥሪኝ አሉኝ። እናቴን የሚያህሉ ሴት እንዴት አድርጌ በስማቸው ብቻ ልጥራ? ሁለት ሳምንት ያህል "ይቅርታ" እያልኩ ከጠራኋቸው በኋላ "እትዬ ልበልዎት" አልኳቸውና ለታላቅ ሴት የምንለው እንደሆነ አስረዳኋቸው። እህት ኖሯቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ፤ ስሙን በዚያው ያዙት። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር "እትዬ ዛሬ ምን ይፈልጋሉ?" እስከማለት ደረሰ፤ አጠራሩ ቢያስቅም።

እትዬ ወሬ አያበዙም፤ ሲናገሩ ግን አያለባብሱም። ያበሰልኩት ካልጣማቸው "ይሄ አልጣመኝም" ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አኩርፌ እውላለሁ። ኅዳር ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ትልቅ ምንጣፍ አብረን እንጠቀልልና እየተሳሳቅን፣ ደረጃው ላይ እየተደናቀፍን ወደ ፎቅ እናወጣዋለን። በሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት እንደረድራለን። ድልድዩ ሥር ያለው ግድግዳ ላይ ውኃው በየዘመኑ የደረሰበት ከፍታ ተቀርጿል፤ እትዬ በልጅነታቸው ያዩትን ጎርፍ ምልክት እየነኩ ያሳዩኛል። ጎርፉን እንደ ክፉ ዘመድ ነበር የሚያወሩት፤ ያሟቸዋል፣ ግን ከቀረ ይከፋቸዋል።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ለንደን ያሉት የአጎቴ ልጆች ወደ ቤት ደወሉ። እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ስልኩን ያነሱት እትዬ ናቸው። እንዳይነግሯት፣ ቅዳሜ በማለዳ ሁላችንም መጥተን እናረዳታለን አሏቸው። የእኛ ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። እትዬ ይህን ከየት ያውቁታል? ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ኩሽና ውስጥ አስቀመጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"አባትሽ ሞተዋል" አሉኝ። "እንዳልነግርሽ ለምነውኛል። ግን ይህን እያወቅሁ አብሬሽ ራት መብላት አልችልም።"

የሆንኩትን አላውቅም። ወለሉ ላይ ወደቅሁ፤ ደረቴን ደቃሁ፤ አባቴን በደግነቱ፣ በቁመናው፣ በአነጋገሩ እየጠራሁ ጮህኩ። ጎረቤታችን ሰው የሚታረድ መስሎት አካፋውን እንደያዘ በጓሮ በር ገባ። እትዬ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እንግሊዝ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሻይ ጣዱ። ሻዩን ሳልነካው ስቀር ክንዴን ይዘው ወደ ወንዙ አወረዱኝና አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። እዚያም አለቀስኩ። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ከሩቅ አይተውን መንገድ ቀየሩ። እትዬ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ያን ዕለት ስለነገሩኝ ቀብሩ ሳይፈጸም ለእናቴ መደወል ቻልኩ። አንዱ ስልኩን ይዞልኝ ድንኳን ገባ። የእነሱን ለቅሶ ሰማሁ፤ የእኔንም ሰሙ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ቅዳሜ የአጎቴ ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የመርዶ ፊታቸውን አስተካክለው ከባቡር ሲወርዱ ጣቢያው ላይ ጥቁር ለብሼ የተቀበልኳቸው እኔ ነበርኩ። እትዬን እስከ ዛሬ ያሟቸዋል።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ጸደይ ሲገባ፣ አግዳሚው ላይ ሳንድዊች እየበላን እትዬ ስለ ባላቸው ቀብር ያነሱልኝ። ማንም ድምፅ እንዳላሰማ፣ ሁሉም አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው እንደነበር፣ እሳቸውም ጭምር፣ ከዚያም ወደ ቤት ተመልሰው እንደበሉ ነገሩኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ለቅሶው እዚህ ቆሟል ብለው ጉሮሯቸውን ነኩ። ቀጥለውም ወንዙን እያዩ፣

"እኔ ስሞት አንድ ሰው እንዳንቺ ይጩህልኝ" አሉ። "ጎረቤቱ እስኪደነግጥ። ታደርጊልኛለሽ?"

 አደርጋለሁ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ቃሌን ሰጠሁ። የቀረውን ሳንድዊች ስዋኖቹ በሉት።

በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ አገባሁና ወደ ሲያትል መጣሁ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የማወራው ያስወቅሰዋል። ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ብዙ ሳንርቅ ቤት ተከራየን። እሱ ኦበርን በምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ያለን አንድ መኪና ስለሆነ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ የማደርሰው። መጋዘኖቹን አለፍ ብሎ ወንዝ አለ። አድርሼው ስመለስ ዳሩ ላይ ቆም እላለሁ። ጥሩ ወንዝ ነው፤ ግን ከተራራ ቀልጦ የመጣ በረዶ ስለሆነ ይቸኩላል። ዝናቡም ያው ነው ይሉኛል፤ ያው አይደለም። የዚያኛው ዝናብ ጭቃና የወንዝ ሣር ይሸታል፤ ሰዉም ቆሞ ያወራለታል።

ስንለያይ እትዬን የጠየቅኋቸው ምንጣፉን ማን እንደሚጠቀልልላቸው ነበር። ጎርፉ ራሱ ይጠቅልለው አሉኝ። ከዚያ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውላለሁ። ውኃው የት እንደደረሰ፣ ከስዋኖቹ የትኛው እንቁላል ላይ እንደተቀመጠ፣ መጦሪያው ውስጥ ከማውቃቸው ሽማግሎች ማን እንዳረፈ ይነግሩኛል። ማርገዜን የነገርኳቸው ቀን ወሮቹን ጮክ ብለው ቆጠሩ። ከዚያ ልጁን ይዘሽ በጸደይ ነይ አሉኝ። በጸደይ እንደምሄድ ለሁሉም ሰው አወራሁ።

በሰባተኛው ወር ላይ ደም ግፊቴ ወጣ። ሐኪሟ አልጋ ላይ እንድውል አዘዘች፤ መናደድ የለም፣ መደንገጥ የለም። በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ደወልኩ፣ የሚያነሳ ጠፋ። ደጋግሜ ደወልኩ። ባሌ ሲገባ ነገርኩት።

"የወንድማቸው ልጅ ኮል አድርጎ ነበር፤ ተኝተሽ ነው" አለኝ ጫማውን እያወለቀ። "ወንዙ ሞልቶ ቤት ገብቷል። እሱ ጋ ወስዷቸዋል። ስልኩም ላይኑ ተበላሽቷል። ሶ፣ እስኪያስተካክሉት አትጨነቂ፣ ኦኬ?"

"ምንጣፉንስ ጠቅልለውታል?"

"ጠቅልለውታል" አለኝ።

አመንኩት። ለምን አላምንም? ስለ ጎርፉ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ስለ ምንጣፉም፣ ስለ አሸዋ ከረጢቱም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ውኃው ደረጃው ላይ ሲወጣ ይታየኝ ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣውን ሰው ሁሉ ስለዚያ ጎርፍ አደከምኩት። የማኅበራችን ትልቅ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ አጥሚት ይዘውልኝ መጡና የእንግሊዝን ውኃ ታሪክ አንድ በአንድ ሰሙኝ። ውኃ ይሄዳል ልጄ፣ አይዞሽ አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ልጄ በሰላም ተወለደች። ስልኩ አሁንም አይነሳም። ባሌ የወንድማቸው ልጅ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ እትዬ ጆሯቸው ደከም ብሏል አለኝ። በጸደይ እንሄድ የለ እንዴ፣ በአካል ታሳያቸዋለሽ አለኝ። በክርስትናዋ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ።

ከክርስትናዋ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ በሴቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላ ባሎቻቸው ፓርክ የሚያደርጉበት አጥተው ዘግይተው ይደርሳሉ። ይህን ሰልፍ ያየ የእኛ ሰው ማን ሞተ ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እናቴ የሞተች መሰለኝ። እማማ ቀድመው ያዙኝ።

"እናትሽ ደህና ናቸው ልጄ" አሉኝ። "እንግሊዝ አገር ያስጠጉሽ እናትሽ ናቸው ያረፉት።"

ከዚያ ለቅሶው ፈነዳ። እትዬን አንድም ቀን አይተዋቸው የማያውቁ ሴቶች፣ ከምንጣፍ ወሬ በቀር ምንም ሰምተውላቸው የማያውቁ ሴቶች፣ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱላቸው። እማማ ሙሾ አወረዱ፤ የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው የያዙ፣ ባዕድ ሳይሉ ቤታቸውን የከፈቱ እያሉ። እያንዳንዷ መሃል ላይ የራሷን ሟች ታስገባለች፤ ያችኛዋ ወንድሟን፣ ይህችኛዋ ባሏን። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፤ አንደኛው ባል ይቅርታ ሊጠይቅ ወጣ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ እትዬ የጠየቁኝ ዓይነት። ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ። እንባ እምቢ አለኝ። ልጄን ታቅፌ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ባሌ መሬት መሬት አየ። የመለሱልኝ እማማ ናቸው፤ ከመውለዴ በፊት እንደሆነ፣ ደም ግፊቱን ፈርተው እንደሆነ፣ ኋላም አራስ ስለነበርኩ፣ ክርስትናውም እንዳይበላሽ ብለው እንደሆነ። ከዚያ ጠጋ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

"አንቺ በእኛ ቦታ ብትሆኚ ትነግሪን ነበር?"

 እኔም ከዚያ በፊትም በኋላም በሰው በር ላይ ነጠላ አዘቅዝቄ ቆሜያለሁ። ንፍሮው ቀረበ፣ ሰዉ በልቶ አጽናንቶኝ ሄደ። ደግነታቸውን አልክድም። ግን የሚያቃጥለኝ ነገር ነበር፤ ከሞቱም በላይ ጎርፉ። ያን ሁሉ ቀን ውኃው እንዲጎድል ስጸልይ ቤቱ ደረቅ ነበር። ምንጣፉ ሳሎኑ ውስጥ ተዘርግቶ፣ እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ባሌን ብዙ ቀን አላናገርኩትም። ሳናግረው የወንድማቸውን ልጅ ቁጥር ብቻ ነው የጠየቅሁት። ቁጥሩ አልተቀየረም። አንድ ጠዋት ኦበርን አድርሼው ስመለስ ወንዙ ዳር መኪናውን አቁሜ ደወልኩ። ልጄ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተኝታለች። ሰውየው ሲያነሳ ድምፁ እትዬን መሰለኝ፤ እንደሳቸው አያለባብስም። ሐዘኑን ተናገረ፣ ስለ ልጄ ጠየቀ። ቀብሩ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። ጥቂት ሰው ነበርን አለኝ። ከዚያ ቀጠለ።

"አክስቴ አስጠንቅቃን ነበር። አሜሪካ ያለችው ልጄ ትጮህልኛለች፣ እንዳትደነግጡ፤ መምጣት ካቃታት በስልክም ታደርገዋለች፣ ስታደርግ አይቻታለሁ ብላን ነበር። ባልሽ መብረር እንደማትችዪ ነገረኝ። እንግዲያው በስልክ ትሁን ብዬ ሰዓቱን ነገርኩት፤ እሺ አለኝ። ስልኬን ሣጥኑ አጠገብ አስቀምጠን ጠበቅን። ቄሱም ጠበቀ። ከዚያ ዝናብ መጣና ጀመርን።"

ያችን እሺ አውቃታለሁ። ሰውን ማሳፈር ሲከብደን፣ እምቢ ማለት ብልግና ሲመስለን የምንላት እሺ ናት። ከእኛ መሃል የሚሰማት ሁሉ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል፤ ማንም ሰው በእሷ ተማምኖ ስልክ አይጠብቅም። እነሱ ግን ጠበቁ። ዝም የሚሉ ሰዎች፣ በዚያ እርጥብ ሣር ላይ፣ ዝም ያለች ስልክ ከበው። እትዬ አንድ ጊዜ ድምፅ ለመኑ፣ የሰጠናቸው እንደገና ዝምታ ሆነ።

ያኔ መጣ። ስልኩን ሳልዘጋ ጮህኩ። እትዬ አልኩ። የሴት ወንድ፣ እውነት ተናጋሪዋ፣ ራቴን ከእውነት ጋር ያበሉኝ አልኩ። የምንጣፋችን፣ የአግዳሚያችን፣ ሻይ የጣዱልኝ፣ ከለቅሶዬ ያልሸሹ አልኩ። በሙሉ በአማርኛ። ደረቴን ስደቃ ልጄ ነቅታ አብራኝ ጮኸች። ሰውየው ስልኩን አልዘጋውም፤ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ድምፄ ሲያልቅ እሷ ያለችን ይህን ነበር? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ይህን ነበር አልኩት። አመሰገነኝ። ዘጋን።

ማምሻውን ባሌን ልወስደው ስሄድ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። እርሜን አወጣሁ አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ቤታችን እስክንደርስ ከኋላ የልጃችንን እግር ይዞ ተቀመጠ። ይቅር ብዬዋለሁ። እማማንም፤ እስካሁን እወዳቸዋለሁ።

በጸደይ እንሄዳለን ያልነው ጉዞ ሳይሆን ዓመታት አለፉ። ቤቱ ተሸጧል። ልጄ አሁን ኦበርን ወንዝ ላይ ለዳክዬዎቹ ዳቦ ትወረውራለች፤ ስለ ስዋኖቹ ስነግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ የአነጋገሯ ለዛ ግን አሜሪካዊ ነው። ሰዎች ሲሰበሰቡ አሁንም ንግሥቲቱ ይሉኛል፤ እኔም አሁንም ያችን ከተማ እጠራለሁ። እትዬ የፈለጉት ጎረቤቱ አካፋውን ይዞ በጓሮ በር እስኪገባ የሚጮህላቸው ሰው ነበር። እኔ ያለቀስኩላቸው መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ነው፤ ያን ጠዋት ወንዙ ዳር ይሮጥ የነበረ አንድ ሰው አጠገባችን አልፎ ሄደ፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየንም።